የፖለቲካ ካርቱን አነባበብ የሚያስተምረው የዙም ኮርስ፦ ውሰዱት፣ አዘጋጆቹ ግን እነዚህን ነገሮች ያስተካክሉ

ሰሞኑን ስለዚህ ኮርስ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ረዘም አድርጌ ብጽፈው ይሻላል። የፖለቲካ ካርቱን፣ ካሪካቸር (የሰውን መልክ አጋንኖ የሚያላግጥ ሥዕል)፣ የፕሮፓጋንዳ ፖስትካርድ፣ የመጽሔት ሽፋን፣ እነዚህን የስላቅ ሥዕሎች በተለያዩ የሂስ ንድፈ ሐሳቦች እንዴት እንደምናነባቸው የሚያስተምር ኮርስ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በዙም፣ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ። አዘጋጆቹ ትንሽ ቡድን ናቸው፣ እኔም ከምስጋናው ጋር የምለው ወቀሳ ስላለኝ ስማቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ የምር መመዝገብ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ።

ፍርዴን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ውሰዱት። እንደዚህ ዓይነት ነገር በአማርኛ ማግኘት ብርቅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሥነ ጽሑፍ ወይ ጋዜጠኝነት ካልተማራችሁ በቀር እነ ባርትን እነ ግራምሺን፣ እነዚህን የንድፈ ሐሳብ ሰዎች፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ሰው የለም፣ የተማረውም ቢሆን ብዙው ስማቸውን ለፈተና ሸምድዶ ነው የወጣው። እዚህ ግን አካሄዱ ሌላ ነው። ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ለተወሰነ ደቂቃ ማንም እንዲናገር አይፈቀድም፣ ከዛ መምህሩ "ምን አያችሁ?" ብሎ ይጀምራል። "ምን ማለት ነው?" አይልም፣ ምን አያችሁ ነው የሚለው፣ እሱም እጅ አወጣጥ ጠብቆ አንድ በአንድ ይሰማል። ማን ቆሟል፣ ማን ተቀምጧል፣ ማን ትልቅ ሆኖ ተሳለ፣ ጽሑፉ የት ጋ ነው ያለው፣ ምን ተረስቷል። የንድፈ ሐሳቡ ስም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለኔ የኮርሱ ትልቁ ጥንካሬ ይሄ ነው፣ ይሄን ሥርዓት በያዙባቸው ቀናት ኮርሱ ያስደንቃል፣ በለቀቁባቸው ቀናት ደግሞ ተራ ሌክቸር ይሆናል።

መጀመሪያ የሠራነው የፊሊፖንን ሥዕል ነው። ሻርል ፊሊፖን ፓሪስ ውስጥ ላ ካሪካቱር የሚባለውን ጋዜጣ የሚያሳትም ሰው ነበር፣ በ1831 ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን አዋርደሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። እዛው ችሎቱ ፊት ምን አደረገ መሰላችሁ፣ የንጉሡን ፊት በአራት ደረጃ ሳለላቸው፣ የመጀመሪያው ቁልጭ ያለ የንጉሡ መልክ ነው፣ ሁለተኛው ትንሽ ይለወጣል፣ ሦስተኛው የበለጠ፣ አራተኛው ላይ ፒር የሚባለው ፍሬ ብቻ ነው የቀረው። ክርክሩ ደሞ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያውን ከከሰሳችሁ ሁለተኛው እሱን ይመስላል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ይመስላል፣ ታዲያ ወንጀሉ የቱ ጋ ነው የጀመረው፣ መጨረሻ ላይ ፍሬ ልትከሱ ነው ወይ። ስድስት ወር እስርና 2,000 ፍራንክ ፈረዱበት። ግን ከዛ በኋላ የፓሪስ ሰው ግድግዳ ላይ ፒር መሳል ጀመረ፣ ንጉሡ ማለት መሆኑን ለማወቅ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

እዚህ ጋ ነው መምህሩ ስለ ምልክት ያስተማረን፣ እና ያኔ የምር ገባኝ። አንድ ምልክት ከተፈጥሮው ትርጉም የለውም፣ ሰዎች በታሪክ ውስጥ ነው ትርጉም የሚሰጡት፣ የፒርና የንጉሡ ግንኙነት ደግሞ እዛ ችሎት ላይ፣ ዓይናችን እያየ ነው የተሰፋው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት በ1964 ስለ ምስል ሲጽፍ ከሥዕሉ ጎን ያለው ጽሑፍ ትርጉሙን እንደ መልሕቅ ይይዘዋል ብሎ ነበር፣ ፊሊፖን ግን ያንን መልሕቅ ነቅሎት ነው የሄደው፣ መጨረሻ ላይ ያለ ምንም ጽሑፍ ፍሬው ብቻውን ይናገር ነበር። ለዚህም ይመስለኛል መንግሥት የፈራው። በ1835 ባወጡት ሕግ ሥዕል ከመታተሙ በፊት ፈቃድ እንዲያገኝ ሲያስገድዱ ጽሑፍን ግን እንደዛ አላደረጉም፣ ያኔ ያቀረቡት ምክንያት ጽሑፍ ሐሳብ ነው፣ ሥዕል ግን ድርጊት ነው የሚል ነበር። ይሄን ስሰማ ለረጅም ሰዓት ከራሴ አልወጣም።

በነገራችን ላይ መምህሩ መግቢያው ላይ ነገሩን በሰምና ወርቅ ሊያስረዳን ሞክሮ ነበር፣ ገባኝ ለምን እንደሆነ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ስለሆነ በቶሎ ያግባባል። ግን አልተስማማሁበትም፣ ክፍል ውስጥም ብያለሁ። ሰምና ወርቅ ውስጥ ባለቅኔው የቀበረው አንድ ወርቅ አለ፣ ያንን ያገኘ ሰው ጨረሰ። ካርቱን ግን እንደዛ አይደለም፣ ሠዓሊው ያላሰበው፣ እንዲያውም ሊደብቀው የፈለገው ነገር ነው ብዙ ጊዜ ዋናው ቁም ነገር፣ እና አንዱ ንድፈ ሐሳብ ያገኘውን ሌላኛው ጭራሽ አያየውም።

ለምሳሌ የምልክት ንባቡ ስለ ፒሩ ያን ሁሉ ነግሮን ንጉሡ ለምን እንደተጠላ አንድ ቃል አላለም። እሱን ያመጣው ገንዘቡና ሥልጣኑ በማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቀው የማርክሲስቶቹ ንባብ ነው። ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እያለ የመምረጥ መብት የነበረው በሚከፍለው ግብር የተመረጠ ከ200 ሺህ ያነሰ ሰው ነው። ሠዓሊው ዶሚዬ በ1831 መጨረሻ የሳለው ጋርጋንቱዋ የሚባለው ሥዕል ላይ ንጉሡ ግዙፍ ሆኖ ተቀምጧል፣ ከመሬት እስከ አፉ ሳንቃ ተዘርግቷል፣ ድሆች የሰጡት ገንዘብ በቅርጫት እየተሸከመ ወደ አፉ ይገባል፣ ከታች ደሞ ሹመትና ሽልማት ሆኖ ይወጣል። ዶሚዬ በዚህ ሥዕል ስድስት ወር ተፈርዶበት ሴንት ፔላዢ እስር ቤት ገብቷል። መምህሩ ሌላም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፣ ጋዜጣውን ማን ነበር የሚገዛው? ውድ ነበር፣ ድሃው አይገዛውም፣ ግን የፊሊፖን ዘመድ የኦቤር ሱቅ መስኮት ላይ ሥዕሎቹ ይሰቀሉ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ተሰብስቦ በነፃ ያያቸው ነበር። ስለ ሥዕሉ ይዘት ብቻ ስናወራ ቆይተን ስለ መስኮቱ ማውራት ስንጀምር ሁሉም ነገር ተለወጠ።

ስለ ባክቲንና ስለ አዶርኖ የተደረገውን ክርክር ባጭሩ ልለፈው፣ ጥሩ ነበር ግን አጭር ነበር። ባክቲን ሩሲያ ውስጥ በስታሊን ዘመን ሆኖ ስለ ካርኒቫል ሳቅ የጻፈ ሰው ነው፣ ትልቁን ወደ ሆድና ወደ አፍ አውርዶ እኩል የሚያደርግ የሕዝብ ሳቅ፣ የዶሚዬ ሥዕል እንደተሳለለት ነው። ጀርመናውያኑ አዶርኖና ሆርክሃይመር ደግሞ ከናዚ ሸሽተው አሜሪካ ገብተው ኢንዱስትሪው የሚያመርተው ሳቅ ሰውን ከሚጎዳው ነገር ጋር ያስታርቀዋል፣ ስቆ ወደ ሥራው ይመለሳል አሉ። እኔ የሁለቱም እውነት አለው ባይ ነኝ፣ ግን የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ሥዕሉ ሳይሆን ሳቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ይመስለኛል፣ ዶሚዬ ታስሯል፣ ዛሬ ሚም ሼር የሚያደርግ ሰው ብዙ ቦታ ምንም አይሆንም፣ አንዳንድ ቦታ ደሞ ይሆናል።

ከዛ ወደኛ የመጣንበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ፓንች የሚባለውን የእንግሊዝ መጽሔት የነሐሴ 1935 ካርቱን አየን፣ በርናርድ ፓርትሪጅ የሳለው፣ ጣሊያን እኛን ልትወር ሁለት ወር እንኳ አልቀራትም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሙሶሎኒ ይዘፍኑለታል፣ ዘፈኑ በ1870ዎቹ እንግሊዞች መርከቡም ሰዉም ገንዘቡም አለን እያሉ ይፎክሩበት የነበረው የጂንጎ ዘፈን ነው፣ ግን መጨረሻው ተቀይሯል፣ መዋጋትህን አንፈልግም፣ ከተዋጋህ ግን ምናልባት በጋራ ማስታወሻ አውጥተን ቀለል ያለ ቅሬታ እንገልጻለን ነው የሚለው። በጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ፣ በታኅሣሥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል አገራችንን ቆርሰው ለሙሶሎኒ ሊሰጡ ተስማሙ። ካርቱኑ ትክክል ነበር። ግን አንድ ተማሪ ጥሩ ነገር ተናገረ፣ ሥዕሉ ላይ ኢትዮጵያ የለችም አለ፣ እንግሊዝ አለች፣ ፈረንሳይ አለች፣ ሙሶሎኒ አለ፣ የሚወረረው አገር የለም። ለኛ የሚያዝን ሥዕል ውስጥ እንኳ እኛ የለንም። የድኅረ ቅኝ ግዛት ንባብ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አይቻልም፣ መምህሩም የዚህ ንባብ ዋና ሰው ስለሆነው ስለ ኤድዋርድ ሰዒድ ሊያወራ ያዘጋጀውን ስላይድ ዘሎ በዚሁ ቀጠለ፣ በጣም ጥሩ አደረገ።

ቀጥሎ የመጡት የኤንሪኮ ደ ሴታ ፖስትካርዶች ናቸው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ ምክንያቱም ሙሉ ኮርሱን ለዚህ ክፍል ብቻ ብትከፍሉበት አያስቆጭም። ደ ሴታ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነው፣ በወረራው ጊዜ ለጣሊያን ወታደሮች የቀልድ ፖስትካርድ ይስል ነበር፣ ወታደሩ ከአገራችን ሆኖ ለጓደኛው ለቤተሰቡ ይልከዋል። አንደኛው ላይ ወታደሩ ፖስታ ቤት ቆሟል፣ አንዲት ጥቁር ሴት እንደ ጥቅል ታስራ አጠገቡ አለች፣ ይቺን የምሥራቅ አፍሪካ ማስታወሻ ለጓደኛዬ መላክ እፈልጋለሁ ይለዋል የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ። ይሄን ክፍል የመራችው ሁለተኛዋ አስተማሪያችን ነበረች፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ ግን ምንም የማያልፋት ሴት ነች። ሴትየዋ ስም የላትም አለች፣ አትናገርም፣ ንግግሩ በሁለት ወንዶች መሀል ነው፣ ከላኪ ወደ ተቀባይ ስትሄድም ሦስተኛ ወንድ ጋ ነው የምትደርሰው። የፊልም ሃያሲዋ ሎራ ሙልቪ በ1975 ስለ ሲኒማ የጻፈችውን፣ የሚያይ ወንድና የምትታይ ሴት የሚለውን ነገር ጠቀሰች፣ ግን እዛ ላይ አላቆመችም፣ የሲኒማው ንድፈ ሐሳብ የዘሩን ነገር ብቻውን አይሸከመውም ብላ በግልጽ ነገረችን። ከዛ ታሪኩን አመጣችው። ይሄው የጣሊያን መንግሥት በሚያዝያ 1937 ጣሊያናዊ ወንድ ከቅኝ ግዛቱ ሴት ጋ እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ። እና እዩት፣ ሴቲቱን እንደ ዕቃ ጥቅልል አድርጎ መሳል ችግር የለውም፣ አብሮ መኖር ነው ወንጀሉ። ሥዕሉንና ሕጉን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ሁለቱ እንደማይጋጩ ነው የሚገባችሁ፣ ሁለቱም ሰው አይደለችም ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ፖስትካርድ ላይ የጣሊያን ወታደር የነፍሳት ማጥፊያ መርጫ ይዞ ሐበሾቹ ላይ ይረጫል። እንደ ትንኝ። ክፍሉ ዝም አለ፣ ማንም እጅ አላወጣም ለተወሰነ ጊዜ። መምህሩ ፍሮይድን ያመጣው እዚህ ነው። ፍሮይድ በ1905 ስለ ቀልድ ሲጽፍ ሰው በግልጽ ሊለው የማይችለውን ነገር ቀልድ አስመስሎ ያሳልፈዋል ይላል፣ ለዚህም ሦስት ሰው ያስፈልጋል፣ ቀልደኛው፣ የሚቀለድበትና የሚስቀው። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማለች፣ ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ ግን በሕዝባችን ላይ አዝንባለች፣ ከዛ ለአሥርተ ዓመታት ስትክድ ቆይታ የመከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው በ1996 ነው። መንግሥት የካደውን ነገር ፖስትካርዱ በግልጽ ያሳያል፣ ቴምብር ተለጥፎበት በፖስታ ይላካል፣ ቀልድ ስለሆነ ነው ያለፈው። ጃንሆይ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ቆመው ሲናገሩ አውሮፕላኖቹ ላይ መርጫ ተገጥሞ ገዳይ ዝናብ እንደተረጨብን ለዓለም ተናግረዋል፣ መርጫ። ፖስትካርዱ ላይ በእጅ የተያዘውም መርጫ ነው። እውነት ለመናገር የሥነ ልቦና ትንታኔን ለሥዕል የሚያውሉት ሰዎች ሁሉንም ነገር ወደ አልጋና ወደ እናት ስለሚወስዱት ብዙም አልወደውም ነበር፣ ይሄ ግን አጥንቴ ድረስ ነው የገባው።

ከዛ እኔ የማልረሳው ነገር መጣ። አብረውን የሚማሩ አንድ እናት አሉ፣ ከዋሽንግተን ነበር የሚገቡት፣ ብዙም አይናገሩም። እጃቸውን አወጡ፣ መምህሩ "እማማ ይቀጥሉ" አላቸው። "ይሄ እኮ እኛ እንድናየው የተሳለ አይደለም" አሉ። "እነሱ ለእነሱ የላኩት ደብዳቤ ነው። እኛ ዘግይተን ነው የከፈትነው።" ከዛ ዝም አሉ። የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል በ1973 ተመልካች መልእክቱን በሦስት መንገድ ሊቀበለው ይችላል ብሏል፣ እንደታሰበው፣ እየተደራደረ፣ ወይ እየተቃወመ። እማማ ያሉት ግን ከሦስቱም ወጣ ያለ ነው፣ ጭራሽ ያልተላከለት ተመልካች ሲያነብ ምን ይሆናል ነው ጥያቄው፣ በፍሮይድ ሦስት ሰዎች መሀልም እኛ የምንቆምበት ቦታ የሚቀለድበት ብቻ ነው፣ እንዲያነብ ያልተጠበቀው። መምህሩ ይሄን ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ሰዓት አልፎ ማንም አልወጣም።

የሆልን ንድፈ ሐሳብ በደንብ ያየነው በኒው ዮርከር መጽሔት የሐምሌ 2008 ሽፋን ላይ ነው፣ ባሪ ብሊት የሳለው። ኦባማ ጥምጣም አድርጎ፣ ሚሼል ጠመንጃ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ የቢን ላደን ፎቶ፣ ምድጃው ውስጥ የአሜሪካ ባንዲራ ይቃጠላል። ሠዓሊው በኦባማ ላይ የሚወራውን ወሬ ሊያላግጥበት ነበር ሐሳቡ፣ የኦባማ ካምፔይን ግን ነውረኛ ነው ብሎ ተቃወመ፣ ምክንያቱም ወሬውን የሚያምን ሰው ሥዕሉን ሲያይ ያመነውን ነገር ተስሎ ነው የሚያገኘው። የሥዕሉ ርዕስ "የፍርሃት ፖለቲካ" ነበር ግን ሽፋኑ ላይ አልተጻፈም፣ ውስጥ ገብቶ ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው። የባርት መልሕቅ እዚህ ጠፍቶ ነው ጉዳት ያመጣው፣ ፊሊፖን ጋ ግን ጠፍቶ ሥዕሉን ነፃ አወጣው። ይሄን ግንኙነት እነሱ አላነሱትም፣ እኔ ነኝ እያሰብኩት ያለሁት፣ ቢያነሱት ጥሩ ነበር።

አሁን ወቀሳዬን ልናገር። ለሁሉም የንድፈ ሐሳብ ዓይነት እኩል ሰዓት መስጠታቸው ትልቁ ስህተት ነው። ዲኮንስትራክሽን (የጽሑፍን ወይ የሥዕልን ትርጉም እየፈታ ውስጡ ያለውን ተቃርኖ የሚያሳይ ንባብ) የተባለው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድም ሥዕል በወጉ ሳናይ ሰዓቱ አለቀ፣ የፍሮይድን ሐሳብ የቀጠለው ፈረንሳዊው ላካን የመጣበት ቀን ደሞ መምህሩ ራሱ ያመነበት አይመስለኝም ነበር። ንድፈ ሐሳቡ ሥዕሉን ካላስነበበ ለምን ይመጣል፣ ደ ሴታን ለሁለት ቅዳሜ ዘርግተው እነዚህን ቢቀንሷቸው ማንም አይጎዳም ነበር። ሌላው ቁሳቁሱ ነው፣ የሚልኩት ፒዲኤፍ ላይ ያሉት ሥዕሎች ጥራታቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ከሥር ያለው ጽሑፍ አይነበብም፣ ካርቱን ደሞ ጽሑፉ ከጠፋ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። መብራት ጠፍቶበት ወይ ኔትወርክ ተቋርጦበት ለቀረ ሰው ቅጂ አይሰጡም፣ ተማሪው በነፃነት እንዲናገር ነው አሉ፣ ምክንያቱን አከብራለሁ፣ ቢያንስ ግን የመምህሩን ክፍል ብቻ ቆርጦ መስጠት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ነው። የዛሬ ሥዕላችንን አላመጡም። ከ1991 በኋላ ነፃው ፕሬስ ሲከፈት ጋዜጣና መጽሔቶቻችን ላይ ካርቱን ነበረ፣ ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ሄዷል፣ ሚም ነው፣ ስቲከር ነው። አዘጋጆቹ ለምን እንደተዉት ይገባኛል፣ አንዱን ሥዕል ብታመጣ የዙሙ ቻት ለሁለት ይከፈላል፣ መማሩ ቀርቶ ጠብ ይሆናል ብለው ፈርተዋል። ግን ደ ሴታ ሰውን ትንኝ አድርጎ ሲስል አይተን ደማችን ፈልቷል፣ ያው ዘዴ፣ ሰውን አውሬና ነፍሳት አድርጎ መሳል፣ በየቀኑ በስልካችን ይመጣል፣ አማርኛ ተጽፎበት፣ እኛው ለእኛው የላክነው፣ እየሳቅን ፎርዋርድ እናደርገዋለን። የተማርነው ነገር እዛ ላይ ካልሠራ የት ላይ ሊሠራ ነው? የማንንም ወገን ሥዕል ለይተው ሳያቀርቡ ከየአቅጣጫው አንዳንድ መርጠው፣ ስም ሳይጠሩ፣ ያንን "ምን አያችሁ?" የሚለውን ሥርዓት ጠብቀው ቢያስኬዱት ክፍሉ ይችለዋል ብዬ አምናለሁ። ይሄን አስተያየት ጽፌ ልኬላቸዋለሁ፣ በቀጣዩ ዙር አንድ ክፍለ ጊዜ እናስባለን ብለው መልሰውልኛል፣ እናንተም ስትመዘገቡ ብትጠይቋቸው ይረዳል።

ዋጋው 2 ሺህ ብር ገደማ ነው፣ በቴሌብር ይከፈላል፣ ውጭ ላላችሁ ሌላ መንገድ አላቸው። ሥዕል መሳል አያስተምሩም፣ ለሱ የመጡ ሁለት ልጆች ተከፍተው ወጥተዋል። ለጋዜጠኞች፣ ለግራፊክ ዲዛይነሮች፣ ለታሪክ መምህራን ግን በተለይ እመክራለሁ፣ ከዚህ በፊት ንድፈ ሐሳብ አለማንበብ ምንም ችግር የለውም፣ እማማ ከሁላችንም በላይ ያነበቡት ያለ አንድም ስላይድ ነው። ስልክ ላይ ባትገቡ ይሻላል፣ ላፕቶፕ ካለው ሰው ተዋሱ፣ ፖስትካርዶቹን በትንሽ ስክሪን ማየት አይቻልም።